«ሲስተም የለም» እንዳይባል፦ በመንግሥት ቢሮ የሳይበር ደህንነት መሪ ለመሆን ለምታስቢ

ባለፈው ቅዳሜ ጣና ዳር ቁጭ ብለን ቡና እየጠጣን ነበር። ከፖሊ (ባሕር ዳር ካለው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት) ከተመረቀች ሁለት ዓመት የሆናት፣ አሁን አንድ ቢሮ ውስጥ የአይሲቲ ባለሙያ ሆና የምትሠራ ልጅ «ጋሼ፣ እኔ የተማርኩት ኔትወርክና ደህንነት ነው፣ የምውለው ግን ፕሪንተር ስፈታ ነው፤ እርስዎ እንዴት አድርገው ነው ዳይሬክተር የሆኑት?» አለችኝ። መልሱን አንድ ስኒ ቡና አይበቃውም። ስለዚህ ጻፍኩት። የጠየቀችኝ እሷ ስለሆነች «አንቺ» እያልኩ ነው የምጽፈው። ወንድም ብትሆን፣ ደሴም ሆነ ደብረ ማርቆስ ብትሠራ፣ ለራስህ አድርገህ አንብበው።

መጀመሪያ ሥራው ምን እንደሆነ እንግባባ። የሳይበር ደህንነት ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ጨለማ ክፍል ውስጥ ስክሪን ላይ ያፈጠጠ ወጣት ነው። በመንግሥት ቢሮ ግን ሥራው ያለው መስኮቱ ላይ ነው። አንዲት እናት ከዘጌ በጀልባ ተሻግራ፣ ባጃጅ ይዛ፣ ፀሐይ ላይ ተሰልፋ፣ ተራዋ ሲደርስ «ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለሺ» ትባላለች። ነገ ለመመለስ የጀልባ ሒሳብ አለ፣ የማደሪያ አለ፣ ቤት የቀረ ልጅ አለ። «ሲስተም የለም» የሚባለው አንዳንዴ መብራት ሄዶ ነው፣ አንዳንዴ መስመር ተቋርጦ፣ አንዳንዴ ደግሞ ቫይረስ ገብቶ። ለእሷ ሁሉም አንድ ነው። የኛ ሥራ ያ ቃል እንዳይባል ማድረግ፣ የእሷ መዝገብ እንዳይጠፋ፣ ማንም እንዳይቀይረው፣ የማይመለከተው ሰው እንዳያየው ማድረግ ነው። አለቃሽን የምታሳምኚው በዚህ ነው። በጀት የምታገኚውም፣ ከባለሙያነት ወደ መሪነት የምትሻገሪውም በዚሁ ነው።

ፕሪንተሩን አትናቂው

የሚያስከፋሽ ይገባኛል። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2016 ሌቦች የባንግላዴሽ ማዕከላዊ ባንክ ኮምፒውተሮች ውስጥ ገብተው፣ ባንኩ ኒውዮርክ ካለው ሒሳቡ ወደ 951 ሚሊዮን ዶላር እንዲወጣ ትዕዛዝ ላኩ። ባንኩ ውስጥ መጀመሪያ የታየው ምልክት ምን መሰለሽ? የክፍያ መልዕክቶችን የሚያትመው ፕሪንተር አልሠራም። ሠራተኞቹ የተለመደ ብልሽት መስሏቸው አለፉት። ፕሪንተሩን ዝም ያሰኘው ግን ሌቦቹ ያስገቡት ፕሮግራም ነበር። አብዛኛው ትዕዛዝ መንገድ ላይ ቢታገድም 81 ሚሊዮን ዶላር ፊሊፒንስ ገባ። ስለዚህ «ፕሪንተሩ እንቢ አለ» ተብለሽ ስትጠሪ ቶነሩን ብቻ አይተሽ አትመለሺ። ለምን እንቢ እንዳለ ጠይቂ።

ደግሞም ፕሪንተር ከዳይሬክተሩ ክፍል እስከ መዝገብ ቤት ሁሉንም በር ይከፍትልሻል። ኦዲተር ሲመጣ ሰው ጠረጴዛውን ያስተካክላል። ለፕሪንተር ስትሄጂ ግን ሁሉም እንዳለ ነው። ሞኒተሩ ላይ በስቲከር የተለጠፈ ፓስወርድ ታያለሽ። ከአራት ቢሮ የሚዞር አንድ ፍላሽ ታያለሽ። ክራክ የተጫነበት፣ ማለትም ሳይገዛ ቁልፉ የተሰበረ ዊንዶውስ ታያለሽ። የክልል ደብዳቤ በግል ቴሌግራም ሲላክም ታያለሽ። አትቆጪ። መዝግቢ።

ምን ትመዘግቢያለሽ? አንድ ደብተር ያዢ፣ ኤክሴልም ይሆናል። ንብረት ክፍል ሂጂና ኮምፒውተሮቹ በማን ስም ወጪ እንደሆኑ በሞዴል 22 (በዕቃ ወጪ ማድረጊያው ቅጽ) አስፈልጊ። ከዚያ ቢሮ በቢሮ እየዞርሽ ወረቀቱ ላይ ያለውን ከጠረጴዛው ላይ ካለው ጋር አመሳክሪ። አይገጥምም። በአንድ ሰው ስም ያለው ላፕቶፕ ሰውዬው ከተዛወረ በኋላ ሌላ ክፍል ይገኛል፣ ማንም የማያውቀው ራውተር ከቁም ሳጥን ጀርባ ሲሠራ ይገኛል። ለእያንዳንዱ ማሽን የትኛው ዊንዶውስ እንደሆነ፣ መጨረሻ መቼ አፕዴት እንደተደረገ፣ ምን ዓይነት መረጃ እንዳለበትና ቢጠፋ የትኛው ሥራ እንደሚቆም ጻፊ። ዊንዶውስ 10 ያለበትን በቀይ አስምሪበት፤ ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። መጨረሻ ላይ ያለው ጥያቄ፣ «ቢጠፋ የትኛው ሥራ ይቆማል?» የሚለው፣ ከሁሉም ይበልጣል። ብዙ ጊዜ መልሱ ማንም ዞር ብሎ የማያየው አሮጌ ኮምፒውተር ሆኖ ይገኛል።

ስለ ፍላሽ አንድ ነገር በቅርብ ላሳይሽ። መዝገብ ቤት ያሉ እትዬ «ፋይሌ ሁሉ ሾርትከት ሆነብኝ፣ ጠፋብኝ» ብለው ይጠሩሻል። ፍላሹን ስትከፍቺ እያንዳንዱ ፎልደር ጥጉ ላይ ትንሽ ቀስት አለበት። አትጫኚው። ፋይሉ አልጠፋም፣ ተደብቋል። ሾርትከቱን የሚጫን ሰው ቫይረሱን ራሱ እያስነሳው ነው፣ ቀጥሎ የሚሰካው ፍላሽ ሁሉ ይያዛል። ፍላሹን በተዘጋጀ ንጹሕ ማሽን ላይ ስካን አድርጊ፣ የተደበቁ ፋይሎችን እንዲያሳይ አድርጊ፣ ሰነዱን ብቻ አውጥተሽ ፍላሹን ፎርማት አድርጊ። ሴትዮዋ አጠገብሽ ቆመው እያዩ አድርጊው። እያንዳንዱን ነገር ለምን እንደምታደርጊ ንገሪያቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመዝገብ ቤቱ ጠባቂ እሳቸው ናቸው፣ «ፍላሽ አምጡ፣ መጀመሪያ ይታይ» የሚሉት እሳቸው ይሆናሉ። አንድ ሺህ ብር እንኳ የማያስወጣ፣ ምንም ስልጠና የማይተካው ነገር ነው።

ምን ልማር?

ይህን ቶሎ ልለፈው፣ የሚማሩት ነገር ሞልቷልና። ኔትወርክ በደንብ ያዢ። ሊኑክስ ልመጂ። ሎግ ማንበብ ተለማመጂ፣ ማለትም ማን፣ መቼ፣ ከየት እንደገባ ከመዝገቡ ላይ መለየት። የሲስኮ ኔትወርኪንግ አካዳሚ የሳይበር ደህንነት መግቢያ ኮርስ በነጻ ነው፣ ከእሱ ጀምሪ። ሲአይኤስኤስፒ እና ሲአይኤስኤም የሚባሉት ትልልቅ ሰርተፊኬቶች የአምስት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃሉ። ዛሬ ባታገኚያቸው አትጨነቂ፣ ግን የምትሠሪውን በቀንና በዝርዝር ያዢ፣ በኋላ ልምድሽን የምታስረጂው በዚያ ነው። ለቢሮ ሥራ ማዕቀፍ ከፈለግሽ የአሜሪካው የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም፣ ኒስት፣ ያወጣውን ተመልከቺ። እ.ኤ.አ. በ2024 በታደሰው ቅጂ ስድስት ነገር ይላል፦ ማስተዳደር፣ መለየት፣ መከላከል፣ ማወቅ፣ ምላሽ መስጠት፣ ማገገም። «ማስተዳደር» የሚለው አዲስ የገባ ነው። የገባበትም ምክንያት እኛ በየቀኑ የምናየው ነው፣ ደህንነት የአይሲቲ ክፍል ብቻ ጉዳይ ከሆነ አይሠራም።

ከዚህ ሁሉ ጋር ግን ሰዎች የሚዘነጉትን ሁለት ነገር ተማሪ። አንደኛ የመንግሥት ግዥና በጀት እንዴት እንደሚሄድ። ሁለተኛ ጥሩ አማርኛ ደብዳቤ መጻፍ። ከኮድ ይልቅ በደብዳቤ ያሸነፍኩት ይበልጣል።

ባክአፕ፣ ባክአፕ፣ ባክአፕ

ባክአፕ፣ ማለትም የመረጃ መጠባበቂያ ቅጂ፣ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። ከብዙ ዓመት በፊት ነው፣ አንድ መሥሪያ ቤት፣ የሰኔ መጨረሻ፣ ሒሳብ የሚዘጋበት ሳምንት። ጠዋት አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ኮምፒውተሯን ስትከፍት የኤክሴሎቿ ሁሉ ስም ተቀይሯል። ዴስክቶፑ ላይ አንድ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለ፣ በቢትኮይን ክፈሉ ይላል። ራንሰምዌር ነበር፣ ፋይል ቆልፎ ለመክፈቻው ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ። «ባክአፕ አለን» አለችኝ፣ ደስ አለኝ። ወደ ጠረጴዛዋ ስር ጎንበስ ብላ ውጫዊውን ሃርድ ዲስክ አሳየችኝ። ዲስኩ እንደተሰካ ነው። ሌት ተቀን ተሰክቶ የሚቀመጥ ነበር። ከፈትነው፣ እሱም ተቆልፏል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አልረሳውም። አራት ሰው ሆነን ከቫውቸር ወረቀት ላይ ቁጥር እየለቀምን እንደገና አስገባን። ሻይ አምጥተውልን በረደ። ልጅቷ እያለቀሰች ነበር የምትጽፈው፣ ጥፋቱ ግን የእሷ አልነበረም፣ ዲስኩ ከሥራ በኋላ መነቀል እንዳለበት ማንም አልነገራትም። ልነግራት የሚገባኝ እኔ ነበርኩ። አንድ ሽማግሌ የሒሳብ ባለሙያ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» አሉ፣ ማንም መልስ አልሰጣቸውም።

ስለዚህ ደንቡ ይህ ነው። አስፈላጊ መረጃ ሦስት ቅጂ ይኑረው፣ በሁለት የተለያየ ዓይነት ማስቀመጫ ላይ ይሁን፣ አንዱ ከሕንጻው ውጭ ይቀመጥ። እኔ አንድ እጨምርበታለሁ፦ ቢያንስ አንዱ ቅጂ ከኔትወርክም ከኮምፒውተርም የተነቀለ ይሁን። በተግባር ለአንድ መካከለኛ ቢሮ ሁለት ሃርድ ዲስክ ይበቃል። ሰኞ አንዱ ይሰካል፣ ይገለበጣል፣ ይነቀላል፣ ካዝና ይገባል። በሚቀጥለው ሰኞ ሌላው። የወጣው ደግሞ ሌላ ሕንጻ ወዳለ የራሳችሁ ቢሮ ይሄዳል። የሚያመላልሰው ሰው ይፈርማል። ዲስኩ ላይ ያለው መረጃ በፓስወርድ ይቆለፍ፣ ባጃጅ ውስጥ ተረስቶ ቢቀር የሰው ደመወዝና አድራሻ ገበያ እንዳይወጣ።

ደግሞም መልሰሽ ካልከፈትሽው ባክአፕ አለኝ አትበይ። በየሦስት ወሩ አንድ ቀን መርጠሽ፣ ባዶ ኮምፒውተር ላይ ካለፈው ሳምንት ቅጂ መልሰሽ አውጪ። ምን ያህል ሰዓት ፈጀ? የጎደለ ነገር አለ? ውጤቱን በአንድ ገጽ ጽፈሽ ለኃላፊሽ ግልባጭ አድርጊ። መጀመሪያ ስንሞክረው ቅጂው ነበረ፣ ቁጥሮቹ ነበሩ፣ ግን ፕሮግራሙን የሚያስነሳው የፈቃድ ቁልፍ የት እንዳለ የሚያውቅ አልተገኘም። አደጋው ሲደርስ ሳይሆን በሰላሙ ቀን ማወቃችን ትልቅ ነገር ነበር።

አፕዴት

በደንገል ታንኳ የሚሠሩትን አይተሽ ታውቂ ይሆናል። ከሐይቁ ሲመለሱ ታንኳውን ውሃው ላይ አይተዉትም፣ አውጥተው አቁመው ያደርቁታል፣ ደንገል ውሃ እየጠጣ ይከብዳልና። ማንም አያስገድዳቸውም፣ ልማድ ነው። አፕዴትም እንደዚያ ልማድ መሆን አለበት።

ለአለቃሽ ማስረጃ ካስፈለገሽ ይህን ንገሪው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 2017 አንድ የዊንዶውስ ቀዳዳ የሚደፍን አፕዴት አወጣ። ሜይ 12 ላይ፣ ሁለት ወር ሊሞላው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ዋናክራይ የሚባለው ራንሰምዌር በዚያው ቀዳዳ ገብቶ በዓለም ዙሪያ ተሰራጨ። እንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች ሥራ አቆሙ፣ ከ19 ሺህ በላይ የሕመምተኛ ቀጠሮ እንደተሰረዘ ተገምቷል። መድኃኒቱ ሁለት ወር ያህል በእጃቸው ነበር።

እኛ ጋ ችግሩ ድርብ ነው። ክራክ ዊንዶውስ ላይ ብዙ ጊዜ አፕዴቱን ሆን ብለው ያጠፉታል። ኢንተርኔት ተቋርጦ በከረመባቸው ወራት ደግሞ ፈቃድ ያለውም ማሽን አንቲቫይረሱ ያረጃል። መፍትሔው ከባድ አይደለም፣ መንገድ ይጠይቃል እንጂ። መስመር ያለው አንድ ማሽን ላይ አፕዴቱን አውርደሽ፣ ንጹሕነቱን አረጋግጠሽ፣ በአንድ የተለየ ዲስክ ወደ ሌሎቹ አድርሺ። የወር አንድ ቀን ቁረጪለት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ባለጉዳይ ሲቀንስ። ፈቃድ ያለው ሶፍትዌር መግዛት ደግሞ ውድ ቢሆንም በየዓመቱ ጠይቂ፣ እስኪሰጥሽ።

ለአለቃ እንዴት ይነገራል?

የቢሮ ኃላፊ ፊት «ፋየርዎል»፣ «ኢንክሪፕሽን» ብለሽ ብትጀምሪ በትህትና ያዳምጡሽና ወረቀቱ ፋይል ውስጥ ይገባል። በሚያውቁት ቋንቋ ተናገሪ፦ አገልግሎት፣ ደመወዝ፣ ኦዲት፣ የሕዝብ ቅሬታ። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይለፍ። እኔ የጻፍኩት አንዱ እንዲህ ነበር፦

«ጉዳዩ፦ ለደመወዝ መረጃ መጠባበቂያ ቅጂ የሚያስፈልግ ዕቃ እንዲገዛ ስለመጠየቅ። የቢሮአችን ሠራተኞች ደመወዝ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ተዘጋጅቶ ይገኛል። ይህ ኮምፒውተር ዛሬ ቢበላሽ የወሩን ደመወዝ በወቅቱ መክፈል አንችልም፤ መረጃውን ከወረቀት ለመልቀምም ሳምንታት ይፈጃል። ይህን ለማስቀረት ሁለት ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ያስፈልጋል። የዋጋ ማቅረቢያ ፕሮፎርማ አያይዘን አቅርበናል።»

ሃርድ ዲስኩ በዚያው ሳምንት ተፈቀደ። «ደመወዝ» የሚለው ቃል ነው ያስፈቀደው።

ሰፋ ያለ ነገር ስትጠይቂ ደግሞ የአገር ምሳሌ ያዢ። ኮስታ ሪካ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2022 የገንዘብ ሚኒስቴሯ በራንሰምዌር ተመታ፣ የግብርና የጉምሩክ ሲስተም ቆመ፣ አዲሱ ፕሬዚዳንት ሥልጣን በያዙበት ቀን፣ ሜይ 8፣ ብሔራዊ የአስቸኳይ ጊዜ አወጁ። ይህን የሰማ የገቢዎች ሰው ጥያቄ መጠየቅ ይጀምራል።

ጊዜውንም እወቂ። የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ዕቅዱ ግን ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ ነው የሚሰበሰበው። ሰኔ ላይ የሚቀርብ ጥያቄ ለከርሞ ነው። ቢሆንም ሰኔ ላይ ያልተሠራበት ገንዘብ ያለው ክፍል አይጠፋም፤ ስለዚህ ዋጋ የተጠናለት፣ ዝርዝሩ ያለቀ የግዥ ጥያቄ መሳቢያሽ ውስጥ ይኑር። አቅራቢዎች «ሻይ መጠጫ» ሲሉሽ ደግሞ በግልጽ አይሆንም በይ። አንዴ የተቀበለ ሰው ከዚያ በኋላ የተበላሸውን ዕቃ ተበላሽቷል ብሎ መመለስ አይችልም።

ሰዉን ማስተማር

በአዳራሽ ሁለት መቶ ሰው ሰብስበሽ በፓወርፖይንት የምትሰጪው ስልጠና የሚረሳው በር ላይ ነው። ጥቅምት ላይ የሚከበረው የሳይበር ደህንነት ወር ጥሩ አጋጣሚ ነው፣ ባነሩንም ስቀዪ፣ ግን በሱ አትርኪ። እኔን የሠራልኝ የአሥር ደቂቃ የቡና ሰዓት ወሬ ነው። በየክፍሉ እየሄድኩ አንድ ነገር ብቻ አነሳለሁ። አንድ ቀን የቴሌብር ጉዳይ። «ከቴሌ ነው የምንደውለው፣ ሽልማት ደርሶዎታል፣ የላክንልዎትን ኮድ ይንገሩን» ተብሎ የተደወለለት ማን አለ ስል እጅ የማያወጣ የለም። ከዚያ ወሬው ራሱ ይሄዳል። እናቱ የተጭበረበረችበት ይናገራል፣ ጎረቤቱ ይናገራል። መጨረሻ ላይ ብቻ እጨምራለሁ፦ የቢሮው ፓስወርድም ልክ እንደዚያ ኮድ ነው፣ እኔ ራሴ ደውዬ ብጠይቅ እንኳ እንዳትነግሩኝ። ሰው ለቢሮ ኮምፒውተር ግድ ባይኖረው ለእናቱ ገንዘብ ግድ አለው፣ ከዚያ ነው የሚጀመረው።

ፓስወርድ ላይ አታስጨንቂያቸው። በየወሩ ቀይሩ ካልሽ ቁጥሩን አንድ እየጨመሩ ወይ ወረቀት ላይ እየጻፉ ይቀጥላሉ። ረጅም ይሁን። አራት አምስት የማይገናኙ የአማርኛ ቃላት ተደርድረው ጥሩ ፓስወርድ ይሆናሉ። ለኢሜይልና ለገንዘብ ነክ ሲስተም ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከፓስወርዱ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ የሚጠይቅ) አስገቢ። ዓመት ፈቃድ የሚወጣ ሰው ፓስወርዱን ለባልደረባው ሰጥቶ የሚሄድበትን ልማድ ግን ጠንክረሽ ተዋጊ። ከክፋት አይደለም፣ ባለጉዳይ እንዳይጉላላ ብለው ነው። ስለዚህ መከልከል ብቻ አይበቃም፣ ለተተኪው የራሱን መግቢያ በዚያው ቀን ክፈቺለት። መንገዱን ካላሳጠርሽ ሰው አቋራጭ ይፈልጋል።

ደግሞ እባክሽ፣ የተሳሳተ ሰው አታዋርጂ። አጠራጣሪ ሊንክ የተጫነ ሰው በአምስት ደቂቃ ውስጥ ከነገረሽ ኬብሉን ነቅለሽ ታድኚዋለሽ። ከተቆጣሽው ቀጥሎ የሚሳሳተው ሰው ይደብቅሻል፣ አንቺ የምታውቂው በሳምንቱ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እንዲህ ነው። እኔ ቢሮ ቶሎ የነገረ ሰው በማኔጅመንት ስብሰባ ላይ ይመሰገናል፣ ራሱ ተሳስቶም ቢሆን።

ሕጉን ካላወቅሽ አትንኪ

ይህ ለወጣቶች ነው። ጉብዝናሽን ለማሳየት ብለሽ የሌላ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ቀዳዳ ፍለጋ እንዳትገቢ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ መግባትን ራሱን ወንጀል ያደርገዋል፣ የተነካው ቁልፍ መሠረተ ልማት ከሆነ ቅጣቱ ይከብዳል። «ልረዳቸው ብዬ ነው» አያድንም። የራስሽን ቢሮ ሲስተም ስትፈትሺም እንኳ ምን፣ መቼ፣ እስከ የት የሚል በማኅተም የተደገፈ የጽሑፍ ፈቃድ ያዢ። ያው አዋጅ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በሚያስተዳድረው ሲስተም ላይ ወንጀል መፈጸሙን ካወቀ ለኢንሳ እንዲያሳውቅ፣ ለፖሊስም እንዲያመለክት ያስገድዳል። ኢንሳ፣ ማለትም የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር፣ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ተቋም ነው። የሚደወልበትን ስልክ ዛሬ ግድግዳ ላይ ለጥፊው፣ አደጋ በደረሰ ቀን ኢንተርኔት ላይ እንዳትፈልጊ።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ንም አንብቢ፣ ከፋይዳ ጋር የሚሠራ ቢሮ ላይ ያለሽ ከሆነ ደግሞ የዲጂታል መታወቂያ አዋጁን ቁጥር 1284/2015። የሰውን ስም፣ ስልክ፣ የጤና መረጃ የያዘ ኤክሴል በቴሌግራም ግሩፕ የሚለቅ ክፍል ካለ፣ አሁን የምትይዢው የሕግ መሠረት አለሽ።

መሪ መሆን

የሥራ መደቡ መንገድ ግልጽ ነው፣ ባለሙያ፣ ቡድን መሪ፣ ዳይሬክተር፣ ከዚያ በላይ ሹመት ነው። ሹመት በእጅሽ አይደለም። እስከዚያ ያለው ግን ብዙው በእጅሽ ነው። ቡድን መሪ ስትሆኚ የመጀመሪያው ፈተና ሁሉንም ራስሽ መሥራት መፈለግሽ ነው። እኔ ላይ ደርሷል። የሰርቨሩ ፓስወርድ እኔ ጋ ብቻ ነበር፣ እንደ ክብር ነበር የማየው። አንድ ጊዜ ታምሜ አምስት ቀን ተኛሁ፣ ሰርቨሩ በሦስተኛው ቀን ቆመ፣ ሰው ሆስፒታል አልጋዬ ድረስ መጣ። ባለጉዳዩ ሁለት ቀን ሙሉ የተጉላላው በኔ ምክንያት ነው። አሁን የአድሚን ፓስወርዶች በታሸገ ፖስታ፣ ሁለት ፊርማ አርፎበት፣ ካዝና ውስጥ ነው ያሉት። ፖስታው ከተከፈተ ማን እንደከፈተው ይጻፋል፣ ፓስወርዱም ይቀየራል። ለእያንዳንዱ ሥራ ደግሞ ሁለት ሰው አሰልጥኚ። ጎበዝ ልጅ ካሠለጠንሽ በኋላ ባንክ ወይም አዲስ አበባ ይወስድብሻል፣ ደመወዙ አይወዳደርም። አትቀየሚው። ግን ሲሄድ በዚያው ቀን መግቢያው ይዘጋ፣ የሚያውቀውን ጽፎ ይሂድ።

ኃላፊዎች ይቀያየራሉ። ሁለት ዓመት ያስረዳሽው ሰው ይነሳና አዲስ ይመጣል፣ ከ«ሀ» ትጀምሪያለሽ። ስለዚህ ነገርሽ ሁሉ በጽሑፍ፣ በማኅተምና በማኔጅመንት ቃለ ጉባኤ ይኑር። በቃል የተፈቀደ ነገር ከፈቀደው ሰው ጋር ይሄዳል። የቢሮው የኢንፎርሜሽን ደህንነት መመሪያም አራት አምስት ገጽ ይብቃው፣ የሚነበብ ይሁን። ከሌላ ተገልብጦ ስሙ ብቻ የተቀየረ መቶ ገጽ ማንንም አያድንም።

ወረዳዎቹን አትርሺ። ባሕር ዳር ያለው ሲስተም የሚሞላው ከወረዳ በሚመጣ መረጃ ነው። እዚያ ያለው የአይሲቲ ልጅ ብዙ ጊዜ ብቻውን ነው፣ የሚጠይቀው ሰው የለውም፣ መብራትም መስመርም ይፈትነዋል። ስማቸውንና ስልካቸውን ይዘሽ በወር አንዴ ደውዪላቸው፣ ለቁጥጥር ሳይሆን ምን ቸገራችሁ ለማለት። አንድ ጊዜ ከወረዳ የደወለልኝ ልጅ «ከክልሉ ነን፣ ፓስወርድ ስጡን የሚል ስልክ ተደውሎልኝ እርስዎ በየወሩ ሲደውሉ አንድም ቀን ጠይቀውኝ ስለማያውቁ አልሰጠሁም» አለኝ። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ የትኛውም ሰርተፊኬት አልሰጠኝም።

እንግዲህ ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስትገቢ ሌላውን ሁሉ ተይውና ፋይናንስ ክፍል ሂጂ። ደመወዙ የትኛው ኮምፒውተር ላይ እንዳለ ጠይቂ። ከኋላው ሃርድ ዲስክ ተሰክቶ ካገኘሽ፣ ዛሬ የተገለበጠ መሆኑን አረጋግጪና ንቀዪው። ካዝናው የማን እጅ እንዳለም ጠይቂ።